ተሸናፊ ይነሳል

ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄደው የጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን የማይነካካ ሰው ቢኖር ሹፌሩ ነው፤ እሱም አንዳንድ ቀን። እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ። ኮንቴይነር ከወደቡ እስኪለቀቅ ድረስ ከሰነድ ጋር ስታገል እውላለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ዓመታት ስለተመላለስኩም የተሳፋሪውን ጠባይ አውቀዋለሁ። በቅርቡ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ጌም የሚሻለው በስልክ ነው በፕሌስቴሽን እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ስልክ የሰነፍ መጫወቻ ነው ይላል። ሌላው ፕሌስቴሽን ጊዜው አልፎበታል ይላል። አጠገቤ ክርክር እያለ ዝም ብዬ መቀመጥ አልፈጠረብኝም።

«ሁለታችሁም አታውቁም» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። ሻሽ ያሰረች፣ የሰነድ ቦርሳ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች፣ አርባ ልትሞላ ጥቂት የቀራት ሴት ናት ያዩት።

«ማዘር ደግሞ ጌም ያውቃሉ እንዴ?» አለ አንደኛው።

«ማዘር» ያለው ነገር አልተመቸኝም። ስልኩን ተቀብዬው ከጓደኛው ጋር የኳስ ጌም ገጠምኩ። ሞጆ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ አሸነፍኩት። ጓደኛው «ኔትወርኩ ነው» አለ። ዘንድሮ የተሸነፈ ሁሉ ኔትወርኩ ነው ይላል፤ ድሮ ደግሞ ጆይስቲኩ ነው ነበር የሚባለው።

በጌም አልኩራራም ብል ውሸት ነው። ከባለ ካሴቱ ማሽን ጀምሮ እስከ ስልክ ድረስ፣ ሰው በየጊዜው «አሁንማ ይሄ ነው» ያለውን ሁሉ ተጫውቼበታለሁ፤ በሁሉም አሸንፌአለሁ። ለነዚያ ልጆች ሳልነግራቸው ወረድኩ እንጂ የደረስኩበት ነገርም አለ። ሰው መጫወቻውን የሚቀይረው አዲሱ ስለሚበልጥ አይደለም፤ አብረውት የሚጫወቱት ሰዎች ሲቀየሩ ነው። አንዱ መጫወቻ ከሌላው የሚለየውም በሥዕሉ ጥራት ሳይሆን የተሸነፈው ሰው ምን ይሆናል በሚለው ነው። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ሁለት ጊዜ ነው ያስተማሩኝ፤ አንዴ በደህና ጊዜያቸው፣ አንዴ ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ በኋላ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከነተሳቢው አራት መቶ ኩንታል እየጫኑ ከጅቡቲ አዳማ፣ ከአዳማ ጅቡቲ ሲመላለሱ ነው ያደግኩት። ቤት የሚያድሩት በወር ጥቂት ቀን ነበር። ሲመጡ ቴምር ያመጣሉ፣ ሽቶ ያመጣሉ፣ አንዳንዴም ማንም የማይለብሰው ሽርጥ ያመጣሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ገደማ ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጥቁር ማሽን ታቅፈው ገቡ። ሁለት ባለ ገመድ ጆይስቲክ አለው፤ አናቱ ላይ ካሴት ይገባበታል። እናቴ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትላቸው «መኪና ነው» አሏት። እውነታቸውን ነበር፤ አብሮት የመጣው ካሴት የመኪና ውድድር ነው።

ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ለማስማማት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቻናል ስንፈልግ የሚመጣው ዝናብ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። በመጨረሻ ቀይ መኪና ብቅ ስትል አባቴ ራሳቸው እንደሠሯት ሁሉ ቁጭ ብለው ፈገግ አሉ። ካሴቱ ሲያስቸግር አውጥቶ እፍ ማለት ነው። የአዳማ ንፋስ ደግሞ አቧራውን በር ቢዘጋም ስለሚያስገባው እፍ ማለቱ ማለቂያ አልነበረውም።

አባቴ ማሽኑን ብቻ አልነበረም ያመጡት፤ ሕግም አምጥተዋል። ሹፌሮች አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ ወረፋ ሲይዙ ከመኪናው ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እዚያ የተሸነፈ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ጸጉሩ የሸበተም ይሁን የመኪናው ባለቤት ልዩነት የለም። ሁለተኛው ሕግ ዳማ ላይ አንቱታ የለም የሚል ነው። አባቴ ምክንያቱን ሲያስረዱ «አንቱ የምትይውን ሰው ቆርኪ እንዴት ትበያለሽ?» ይሉ ነበር።

እነዚህን ሁለት ሕጎች ሳሎናችን ውስጥ ተከሏቸው። ቴሌቪዥኑ ፊት ሁለት በርጩማ ተደረገ። በኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው፤ እናቴም ሳትቀር አንቱ ነበር የምትላቸው። በርጩማው ላይ ስንቀመጥ ግን አባቴ «አንተ» ሆኑ። የመጀመሪያ ቀን አፌ አልታዘዝ ብሎኝ «አባዬ፣ መኪናው ከመንገድ ወጣ» እያልኩ በዙሪያው ዞርኩ። እሳቸው ጆይስቲካቸውን አስቀመጡና «የማን መኪና?» አሉኝ። «ያንተ» እስክል ድረስ ጨዋታው አልቀጠለም።

ማሸነፍ የጀመርኩት ብዙ ሳልቆይ ነው። አባቴ እውነተኛው መንገድ ላይ ሹፌር ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ፤ ጌሙ ላይ ግን ያንኑ አራት መቶ ኩንታል እንደጫኑ ነው የሚነዱት። ኩርባ ሳይደርሱ ፍሬን ይይዛሉ። ዳገት ላይ አይቀድሙም። ቀኛቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ አጥሩን እየታከክሁ አልፋቸዋለሁ። «እንዲህ የነዳ ሰው ገደል ውስጥ ነው የሚገኘው» ይሉኛል። «ይሁን፣ አሁን ግን ተነስ» እላቸዋለሁ።

ይነሱም ነበር። ያን ትልቅ ሰውነታቸውን ከዚያች በርጩማ ላይ ያነሱና ቦታውን ለጎረቤት ይለቃሉ፤ ቁም ሳጥኑን ተደግፈው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንድም ቀን «እኔ እኮ አባትሽ ነኝ» ብለው አያውቁም። አንድም ቀን ልጅ ናት ብለው አልተሸነፉልኝም። ኩራት የተማርኩት እዚያ ነው። እናቴ ግን ማሽኑን ነክታው አታውቅም። «እኔ ይሄን የሥራ ፈት ዕቃ አልነካም» እያለች በመሀላችን እየተሻገረች ቤቷን ትጠርግ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሰፈራችን ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ተከፈተ። ባንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሙቀትና ጩኸት። ሴት አይገባም የሚል ጽሑፍ አልተለጠፈበትም፤ ሴት ግን አይገባም ነበር። እኔ ገባሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ ጆይስቲክ ሰጡኝ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንደሚባለው ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ሳላዘው ወደዚያ መሄድ ጀመረ።

እዚያ ሕጉ ሌላ ነበር። ተሸናፊ ይከፍላል እንጂ አይነሳም። ኪሱ ሞላ ያለ ልጅ ሲሸነፍ ይውላል፣ ከወንበሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ጎበዙ ቆሞ ያያል። ነገሩ ትክክል እንዳልሆነ ያኔም ይሰማኝ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ያማረ፣ ኳሱ የእውነት ኳስ የመሰለ ስለነበር ሕጉን ማን ያስባል። ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ቤታችን እየመጡ በርጩማው ላይ ይቀመጡ የነበሩት የጎረቤት ልጆች በሙሉ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ሄደዋል።

በነዚያ ወራት አባቴ ከመንገድ ሲመለሱ አዲስ ካሴት ይዘው መጡ፤ የታሸገበት ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ለዚያ ማሽን የሚሆን ካሴት ጅቡቲም እየጠፋ ስለነበር ሱቅ ለሱቅ ዞረው ነው ያገኙት። «ይሄኛው ዝናብ አለው» አሉኝ። «አስፋልቱ ያንሸራትታል። እንግዲህ ፍሬን የሚይዝ ሰው የሚያሸንፍበት ጊዜ መጣ።» ይስቁ ነበር። ከሳምንት መንገድ የመጡ ናቸው፤ ገና ጫማቸውን አላወለቁም።

እኔ ወደ ፕሌስቴሽን ቤት ልሄድ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል። አሁን በሱ የሚጫወት ሰው የለም» አልኳቸው።

ካሴቱን አገላብጠው አዩት። «እኔ አለሁ ብዬ ነው እንጂ» አሉ።

ሄድኩ። ስመለስ ማሽኑ በመጣበት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልገባኝም። ያን ቀን ሦስት ልጆች አሸንፌ ነው የመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ኮሌጅ ስገባ የፕሌስቴሽን ቤቱ ልጆች ወደ ኮምፒውተር ዞሩ፤ እኔም ዞርኩ። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በኔትወርክ ተያይዘን ስንተኳኮስ የተሸነፈው ሰው ከግድግዳው ማዶ ሲሳደብ ድምፁን እሰማለሁ፣ ፊቱን ግን አላይም። ቆርቆሮው ክፍል ልብስ ስፌት ሆነ። ሥራ የያዝኩት ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ላይ ስለምቀመጥ ኮምፒውተሩ ቀርቶ ስልክ መጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል እንጂ እኔስ በደህና ነው የተከተልኩት፤ የያዝኩትን ሁሉ ጥሩ አድርጌ ነው የያዝኩት። ስልክ ላይ የተሸነፈ ሰው ግን ምንም አይሆንም። አይነሳም፣ አይከፍልም፣ አይሳደብም። ይጠፋና ሌላ ይተካል። ስንት ሺህ ሰው እንዳሸነፍኩ አላውቅም፤ አንዱንም ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም።

አባቴ መንዳት ባቆሙ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ተያዘ። ምላሳቸው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተፈታ፤ ቀኝ እጃቸውም በመጠኑ መንቀሳቀስ ጀመረ። እግራቸው ግን ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት፣ ቆፍጣና። «አካም ቡልተን፣ አባባ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ ትገባና እግራቸውን አሽታ፣ አጥፋ ዘርግታ ትሄዳለች። አንድ ቀን እኔንና እናቴን በረንዳ ላይ ጠራችን። በቀን ቢያንስ አሥር ጊዜ ከወንበር መነሳት አለባቸው አለች፤ በራሳቸው ጉልበት፣ ተደግፈውም ቢሆን። እነዚህ ጥቂት ወራት ካለፉ እግሩ መነሳት ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

አባቴ እምቢ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት» አሉ። «መቀመጥ ሙያዬ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን አይነሱም። እናቴ ለመነች። የነፍስ አባታቸው መጥተው ለመኑ፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት አብረዋቸው የነዱት ሙስሊም ጎረቤታችንም «ወንድሜ፣ አላህ ይርዳህና ተነስ» አሏቸው። ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ሊነሱ ሞክረው በግንባራቸው ወድቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደፈሩ ሁላችን እናውቃለን፤ ፈራሁ የሚል ቃል ግን ካፋቸው አይወጣም። እኔም ፈርቼ ነበር። የጋላፊን በረሃ ያቋረጡ ሰው ሳሎን ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ እንዲያልቁ አልፈለግኩም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያለኝ ሙያ ጌም ነው፤ እሱን ይዤ መጣሁ። ምናልባት ጨዋታ ሰውነታቸውን ያፍታታው ይሆናል፣ ልባቸው ሲነቃ እግራቸውም ይነቃል ብዬ ነው። መጀመሪያ ስልኬን ሰጠኋቸው። መስታወቱ ላይ ጣታቸው እየተንሸራተተ «ይሄ ምኑ ይጨበጣል?» አሉና መለሱልኝ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አዲሱን ፕሌስቴሽን ተዋስኩ። ጆይስቲኩ ላይ ያሉትን ቁልፎች በዓይናቸው ቆጥረው «ይሄ እኮ አውሮፕላን ነው» አሉ። ሥዕሉ መሽከርከር ሲጀምር ራሳቸውን አዞራቸው፤ አጠፋሁት። ተስፋ ቆርጬ ገመዱን ስጠቀልል ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና አሉ።

«ያ የኛው የት ሄደ?» አሉ።

እናቴ በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደችው። ብርድ ልብሱ ሲፈታ ማሽኑ፣ ሁለቱ ጆይስቲኮችና ያ ካሴት ወጡ። ላስቲኩ እንደታሸገ ነው። እኔ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ቀይሬአለሁ፤ ካሴቱ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እላያችን ላይ ሆኖ አንድም ቀን አልተከፈተም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አባቴ በግራ እጃቸው ተቀብለው ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት።

ጠፍጣፋው ቴሌቪዥናችን ማሽኑን አልቀበልም ስላለ፣ ከሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን በባጃጅ አመጣሁ። እንደ ድሮው ቻናል ፈለግን፣ እንደ ድሮው እፍ አልን። ቀይዋ መኪና ዝናብ ውስጥ ብቅ አለች። አባቴ ባለ መደገፊያው ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ሆነን ጀመርን። ግራ እጃቸው መሪውን በደንብ ይይዛል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ነዳጅ መስጫውን መጫን ይችላል፤ ከተጫነ በኋላ ቶሎ መነሳት ግን አይችልም። ስለዚህ እነዚያ ኩርባ ሳይደርሱ ፍሬን ይይዙ የነበሩ ሰው አሁን ያለ ፍሬን መብረር ጀመሩ። «ሰው ሲያረጅ ፍሬኑ ይበጠሳል» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከሰማሁ ወራት ሆኖኝ ነበር።

እኔም ያን ሳቅ ሰምቼ ተሸነፍኩላቸው።

ሆን ብዬ ነው። የመጨረሻው ኩርባ ላይ መኪናዬን አጥር ውስጥ ከተትኩት። በነጋታውም ተሸነፍኩ። ወሬው ተሰማና ሊጠይቋቸው የሚመጡ ሰዎች ሁሉ በርጩማዋ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። በኛ አገር የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሄደ ሰው ብርቱካን ይዞ ይሄዳል እንጂ በሽተኛውን አሸንፎ አይወጣም። የነፍስ አባታቸው ተሸነፉ። ጎረቤታችን ጆይስቲኩን ገልብጠው ይዘው ተሸነፉ። የዕድር ሰዎች በተራ ተሸነፉ። አባቴ ደመቁ፣ ምግብ መብላት ጀመሩ፣ ድምፃቸው ከበረንዳ ይሰማ ጀመር። የተሸነፈ ሁሉ እየተነሳ ለተረኛው ሲለቅ እሳቸው በወንበራቸው ላይ እንደ ንጉሥ ይውላሉ። እኔ ደግሞ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በራሴ ኮራሁ።

ባለሙያዋ ለአንድ ወር ያህል ስልጠና ሄዳ ነበርና ስትመለስ እግራቸውን ይዛ አጥፋ ዘርግታ አየችው። «ስንት ጊዜ ተነሱ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ደህና ናቸው» አለች እናቴ። «ሰውን ሁሉ እያሸነፉ ነው።»

«ጥሩ ነው። እግራቸው ግን እኔ ስሄድ ከነበረው ደክሟል» አለች። «ከዚህ ወንበር የሚያስነሳቸው ሰው የለም ማለት ነው?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሕጉን ከሁሉም የማውቀው እኔ ነኝ። አሸናፊ አይነሳም። እኛ ደግሞ በይሉኝታችን አንድ ወር ሙሉ አሸናፊ አድርገን ወንበሩ ላይ ቸንክረናቸዋል። መድኃኒቱን ይዤ መጥቼ፣ የመድኃኒቱን ግማሽ ራሴ ደፍቼው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ጓዳ በር ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ሦስት ዙር ነው ውድድሩ። በእውነት መጫወት ጀመርኩና ወዲያው አንድ ነገር ተረዳሁ፤ አባቴ አሁን ጎበዝ ሆነዋል። አንድ ወር ሙሉ ያለ ፍሬን ነድተው ኩርባዎቹን ግራ እጃቸው ሸምድዷቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ቀደሙኝ። በሁለተኛው አጠገባቸው ደረስኩ እንጂ ማለፍ አቃተኝ። በየሚኒባሱ የምኩራራው እኔ አሁን ብሸነፍ እውነተኛ ሽንፈት ይሆናል፤ እሳቸውም እዚያው ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ዙር የመጨረሻው ኩርባ ላይ ዝናቡ በረታ። እሳቸው አውራ ጣታቸው አልነሳ ስላላቸው በዚያው ፍጥነት ገቡና ወደ ውጭ ተንሸራተቱ። እኔ በዕድሜዬ ጌም ላይ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ፍሬን ያዝኩ። በውስጥ በኩል ቀስ ብዬ አለፍኳቸው።

እሳቸው ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«እስከ ዛሬ ስትሸነፊልኝ ነው የከረምሽው» አሉ።

«አዎ።»

«ስድብ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «አሁን ግን አሸንፌሃለሁ። ተነስ።»

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምን አልሽ አንቺ?» አለችኝ። አባቴ ግራ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ ካለበት አነሱና ወንበሩ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት። መደገፊያውን ጨበጡ። ከፍ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ «አትንኪኝ። ተሸናፊ ራሱ ነው የሚነሳው» አሉኝ። በሁለተኛው ሙከራ ጉልበታቸው ግማሽ ድረስ ተዘርግቶ ታጠፈ። ፊታቸው በላብ ራሰ። በሦስተኛው ተነሱ። ቁም ሳጥኑ አንድ እርምጃ ያህል ነው የሚርቀው፤ እግራቸውን ጎትተው ደረሱበትና ተደገፉት። ድሮ ተራቸውን ሲጠብቁ የሚቆሙበት ቦታ ነው። እኔ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ ዓይኔን በሻሼ ጠረግኩ።

«በይ በቃ፣ ልቀመጥ» አሉ ወዲያው። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ መጣች። የምትደግፋቸው መስሎኝ ነበር። አልፋቸው ሄዳ በወንበራቸው ላይ ተቀመጠችና ጆይስቲኩን አነሳች።

«ተረኛ እኔ ነኝ» አለች።

ያን ዕቃ ነክታው አታውቅም። የቱ ነዳጅ፣ የቱ መሪ እንደሆነ ጣቷን እያስያዝኩ አሳየኋት። ስንጀምር መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ አጥሩን ገጨች፣ ከዚያ እንደ ጋሪ ቀስ እያለች በዝናቡ ውስጥ መጓዝ ያዘች። እኔ ገብቼ ጨረስኩ። እሷ ገና የመጀመሪያውን ዙር አላጋመሰችም፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱም መኪና ሳይገባ ውድድሩን አይዘጋም። አባቴ ከቁም ሳጥኑ ሥር መታገስ አቃታቸው።

«ነዳጅ ስጪው እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም። በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንቱ ስትላቸው የኖረች ሴት ናት።

«ምን አስቸኮለህ?» አለቻቸው። «ቁም እዚያ።»

አባቴም ቁም ሳጥኑን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ሦስተኛውን ዙር እስክትጨርስ ድረስ ቆሙ።